ከኢንካዎች ተራራ «ተባርራ ለተመለሰችው» እህታችሁ ስላደረጋችሁላት አቀባበል

ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ የፍራንክፈርት ቦናመስና የአካባቢው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር፤
እንዲሁም ለተከበራችሁ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ነው? የደም ግፊታችሁስ፣ ስኳራችሁስ፣ ክረምቱ ያስቸገረው ወገባችሁስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና እጅግ ደኅና ነኝ። ይህንንም ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት የእኔ ደኅና መሆን ለማኅበራችን ምን ያህል ከባድ ችግር እንደሆነበት ስለተረዳሁ ነው። በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁትም እናንተ ስለ እኔ የተናገራችሁት ሁሉ በዚያው አዳራሽ በድምፅ ማጉያ ስለነበር፣ በጆሮ የሰማ ሰው በዓይኑም እንዲያነብ ብዬ ነው።

ስሜ አረጋሽ ወንድይራድ ይባላል። ቤን ጉሪዮን ሪንግ በሚባለው መንገድ ካሉት ፎቆች በአንዱ እኖራለሁ። በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ስልሳዎቹን ያጋመስሁ፣ የጀርመን ዜግነት ያለኝ ሴት ነኝ። ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው መስከረም ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ዘንግታችሁት ስለነበር ማስታወሱ አይከፋም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ከመነሻው ላስረዳ። እኔና ጓደኛዬ ወይዘሮ ጸሃይቱ በዚያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጎን ለጎን ቆመን አንሶላ ስናጥፍ ኖረናል። ገና ወጣቶች ሳለን፣ ሳሙና የሚያቀርብልን ድርጅት በስጦታ የላከው የግድግዳ ካላንደር ነበር፤ ከወራቱ በአንዱ ላይ ደመና መሃል የተቀመጠ፣ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ከተማ ታየ። ወሩ ሲያልቅ ጸሃይቱ ገጹን አልገለበጠችውም። ዓመቱ ሲያልቅም ቀድዳ ወስዳ የልብስ ሣጥኗ በር ላይ በውስጥ በኩል ለጠፈችው። ማቹ ፒቹ እንደሚባል፣ በፔሩ አገር እንደሚገኝ፣ ኢንካዎች የሚባሉ ሕዝቦች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለ ሲሚንቶ እንደሠሩት አንብባ የነገረችኝ እሷ ናት። ጡረታ ስንወጣ እንሄዳለን ተባባልን። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሥራ ሲሰለቸው ይባባላል፤ እኛ ግን የምራችንን ነበር።

ጡረታችን ለቱሪስት ባቡርና ለባለ ኮከብ ሆቴል እንደማይበቃ ስለምናውቅ፣ ወጣቶቹ ቦርሳቸውን አዝለው እንደሚሄዱት ልንሄድ ወሰንን። ተደራራቢ አልጋ ባለበት የጋራ ክፍል ማደር፣ በሕዝብ ሚኒባስ መሳፈር፣ የቀረውን ደግሞ በእግር። ለስንቅ ጸሃይቱ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በሶ አዘጋጀች። ቦርሳዎቻችንን በቅናሽ ገዛን። ኒዳ ወንዝ ዳር ቦርሳችንን በድንች ሞልተን ስንለማመድ ያያችሁን ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይህ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ምስጋናዎቼ እሻገራለሁ፤ በቁጥር ያስቀመጥኋቸው እንዳይምታቱባችሁ ብዬ ነው።

አንደኛ። ከመሄዳችን በፊት ሦስት የኮሚቴ አባላት ብርቱካን ይዛችሁ ጊንሃይም ወደሚገኘው የጸሃይቱ ቤት በመሄድ ስላደረጋችሁት አባታዊ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ። ጸሃይቱ ቤተ ክርስቲያን ላይ ለአንዲት ወዳጇ «ፔሩ ልንሄድ ነው» ማለቷን ሰምታችሁ፣ ወደዚያ የዓለም ክፍል የሚሄድ የእኛ ሰው ሁሉ ጫካ ለጫካ ተጉዞ አሜሪካ የሚገባ መሆኑን ስለምታውቁ፣ በዚህ ዕድሜዋ ደላላ እንዳታለላት ደመደማችሁ። እሷም የመመለሻ ቲኬቷን አሳየቻችሁ። ደላሎች ፖሊስን ለማታለል ሁልጊዜ የመመለሻ ቲኬት እንደሚቆርጡ አስረዳችኋት። የማረፊያ ቤታችንን አድራሻ ስታሳያችሁም፣ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል የሚያሳድር ቤት የደላላ መደበቂያ እንጂ ሆቴል ሊሆን እንደማይችል ነገራችኋት። በመጨረሻ የካላንደሩን ገጽ አውጥታ ብታሳያችሁ፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎ መነጽርዎን አድርገው ካዩት በኋላ ይህ ደግሞ ደላሎች ለማማለል የሚጠቀሙበት ሥዕል ነው አሉ።

እዚህ ላይ አልበድላችሁም። በእኛ ሰው ዘንድ ኡርላውብ፣ የዕረፍት ጉዞ ማለት፣ ሚዛን ላይ ወጥተው ወርደው የተስተካከሉ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ አገር ቤት መሄድ ነው፤ ለአክስት መድኃኒት፣ ለአጎት ጫማ፣ ለማናውቀው የአጎት ጎረቤት ስልክ ይዞ። ለማንም ምንም ሳይይዝ፣ ማንም ወደማይጠብቀው አገር፣ አንድ ቦርሳ አዝሎ የሚሄድ ሰው ወይ ተሰዷል ወይ አብዷል። ከሁለቱ የሚሻለውን ስለመረጣችሁልን አመሰግናለሁ።

የምክራችሁ ፍሬ ግን ይህ ሆነ። የጸሃይቱ ልጅ ዘርኣብሩክ፣ ያደገም የተማረም እዚሁ የሆነ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ በእናንተ ቃል ደንግጦ የእናቱን ፓስፖርት ወሰደባት። ለጥንቃቄ ነው አላት። ጸሃይቱ የእኔን ቲኬት ማቃጠል አልፈለገችም፤ የራሷን የበሶ ድርሻ ጨምራ አሸክማኝ ብቻዬን ሄድሁ።

ሁለተኛ። ፎቶግራፌን በጥሞና ስለመረመራችሁልኝ። ኩስኮ ከተማ ሁለት ቀን አረፍሁ፤ ከዚያ ርካሹ መንገድ በሚኒባስ ገደል ለገደል ተጉዞ አንድ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ድረስ መሄድ፣ ከጣቢያው በኋላም የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ በጫካ ውስጥ በእግር ማዝገም ነው። ገንዘብ ያላቸው በባቡሩ ውስጥ ኬክ እየበሉ እጃቸውን ያውለበልቡልናል፤ እኛም እናውለበልባለን። ዝናብ ስለነበር የላስቲክ ልብስ ለብሼ፣ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ሐዲዱ ላይ እንደቆምሁ አንድ ወጣት ፎቶ አነሣኝ፤ ለጸሃይቱ ላክሁላት። ልጇ አይቶ ለእርስዎ አስተላለፈ፣ እርስዎም ለአባላት በሙሉ አሠራጩት። ጫካ፣ ሐዲድ፣ ላስቲክ፣ በጀርባ የታዘለ ቦርሳ። አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እንደማያስፈልግ እኔም አምናለሁ።

ስብሰባው በወሰነው መሠረት ዳላስ ለሚኖረው የወንድሜ ልጅ ለዘገዬ ተደወለለት። ዘገዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ታዛዥ ልጅ ስለሆነ ሥራውን ትቶ አክስቱን ሊቀበል ወደ ሜክሲኮ ድንበር ነዳ። ከተራራው ሥር ባለችው ትንሽ ከተማ ደርሼ ስልኬ ለጥቂት ጊዜ መስመር ሲያገኝ መጀመሪያ ያየሁት የእሱን መልእክት ነበር። ከተያዝሁ እንዳልፈራ፣ ስሜን ብቻ እንድናገር፣ የጀርመን ፓስፖርቴን ግን ቀድጄ ወንዝ ውስጥ እንድጥለው በትሕትና ይመክረኛል። መልስ ልጽፍለት ስል ስልኩ ጠፋ፤ ዝናቡ ገብቶበት ኖሮ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ልጁ ድንበር ላይ ቆሞ ስለከረመ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከኮሚቴው እስከ ዛሬ የደወለለት የለም።

ሦስተኛ። ስልኬ ከጠፋ በኋላ በጸሃይቱ ቤት ስላደረጋችሁት ዝግጅት። ፍጥነታችሁን ማድነቅ ግዴታዬ ነው። ወንበሮቹ ከአዳራሹ ተጓዙ፣ ፍራሹ ተነጠፈ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ወጡ። ሞታለች የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳልወጣ ሰምቻለሁ፤ «መጽናናቱን ይስጠን» ብቻ ነበር የተባለው። አቶ ኣልኣሚን ዱዓ አደረጉ፣ ፓስተር ኢማኑኤል ጸለዩ፣ ቄሱም በበኩላቸው ጸለዩ። ሦስቱም ጸሎቶች ተሰምተዋል፤ አልሞትሁም። ጸሃይቱ መሃል ተቀምጣ እኔ ለሽርሽር እንደሄድሁ ለእያንዳንዱ ገቢ ስትናገር፣ ሐዘን ነው የሚያቀባጥራት እየተባለች ነጠላ ተደረበላት።

እናንተ በዚያ ፍራሽ ላይ በነበራችሁበት ጊዜ እኔ የት እንደነበርሁ፣ ለቃለ ጉባኤያችሁ ይጠቅም እንደሆነ ላስመዝግብ። ከትንሿ ከተማ ወደ ፍርስራሹ የሚያወጣ አውቶቡስ አለ፤ ዋጋው ስላልተስማማኝ በድንጋዩ ደረጃ በእግሬ ወጣሁ። ፈረንሳውያን ወጣቶች እየሮጡ አለፉኝ፤ ትንሽ ቆይቼ ተቀምጠው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው፣ እግዜር ያበርታችሁ ብዬ አለፍኋቸው። እኩሌታው ላይ አንዲት የአገሩ ሴት የተቆላ በቆሎ ይዛ አርፋ ነበር። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ በሶዬን በውኃ በጠበጥሁ። ቋንቋ ስላልነበረን ሳህን ተለዋወጥን። በሶውን ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች፣ ስኳር ጎደለው ማለቷ እንደሆነ ገባኝ፤ ትክክል ነበረች።

ላይ ስደርስ ጉም እንጂ ምንም አልነበረም። ይኸው ነው እንዴ ብዬ ቆምሁ። ቆይቶ ጉሙ ከአንድ ወገን መነሣት ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ኮንሶ ያለ እርከን፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ቀጥሎ መስኮቶች፣ በመጨረሻ ያ ከኋላ የሚቆመው ሹል ተራራ ወጣ። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው የተጋጠሙት ቢላዋ እንኳ በማያስገባ ሁኔታ ነው። ከካላንደሩ ያማረ መሆኑን ስናገር የማላፍርበት እውነት ነው። አለቀስሁም። ከደስታ አልነበረም፤ ተናድጄ ነው ያለቀስሁት። ያንን ተራራ የፈለገችው ጸሃይቱ ነበረች፣ እኔ ድሮም እሷን ተከትዬ እንጂ ለድንጋይ ይህን ያህል ፍቅር የለኝም። በአንድ ቦታ ብዙ መቆም ስለማይፈቀድ ዘበኛው በፊሽካ አስነሣኝ፤ የያዝሁት መንገድ ደግሞ ወደ ኋላ አያስመልስም።

አራተኛው ቅሬታዬ የአንድ ሰው ስም የሚነካ ነበርና ጸሃይቱ አውጪው ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ። ሰውየው ራሳቸውን ያውቃሉ።

አምስተኛ። ለክብሬ ስለተደረገው አቀባበል። ሊማ ከአንዱ የማረፊያ ቤት ስልክ ተውሼ ለጸሃይቱ የምመለስበትን ቀን ነገርኋት፤ እሷም ፍራሹን ለማስነሣት ስትል ለእናንተ ነገረች። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ አበባና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ቆማችኋል። ብርድ ልብሱ ምን እንደሆነ ያልገባኝ ትከሻዬ ላይ እስኪደረብ ድረስ ነበር። አይዞሽ፣ ዋናው ነፍስ ነው፣ ፈጣሪ ሌላ በር ይከፍታል አላችሁኝ። ከአሜሪካ ድንበር ተባርሬ የተመለስሁ መሆኔን በዚያች ቅጽበት ከእናንተ ሰማሁ። ፀሐይ ያቃጠለውን ፊቴን እያያችሁ አንዳንዶቻችሁ አለቀሳችሁ፤ በኩስኮ የገዛሁት የሱፍ ቆብም የእስር ቤት ዕደላ ተደርጎ ተወሰደ። ለማስረዳት ሞከርሁ። ደክሟታል፣ አታናግሯት ተባለ።

ቀጥሎ በነበረው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ በሌለሁበት መድረክ ላይ ወጥተው፣ እህታችን ከአደገኛ ሕገ ወጥ ጉዞ በሰላም ስለተመለሰች ምስጋና አቅርበው፣ ወጣቶች ከእሷ ስሕተት እንዲማሩ አሳሰቡ። ከዚህም ጋር ሴት አባላት ከአውሮፓ ውጭ ከመጓዛቸው በፊት ለኮሚቴው እንዲያሳውቁ የሚል ውሳኔ በጭብጨባ ጸደቀ። የወንዶቹ ጉዞ ለምን እንዳላሳሰባችሁ አልጠይቅም፤ ወንዶቻችን ከቴሌቪዥኑ ፊት ርቀው ስለማያውቁ ይሆናል። ትምህርቱ ግን ከንቱ እንዳልቀረ ልንገራችሁ። ከጉባኤው ሳምንት በኋላ አንድ ሰው በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የደላላዬን ስልክ ቁጥር ጠይቀውኛል። አዲስ አበባ ያለች የእህት ልጅ አለቻቸው። የሰውየውን ስም አላወጣም፤ ከኮሚቴው መካከል መሆናቸውን ብቻ እመሰክራለሁ።

እንግዲህ ቀልዱን ለአፍታ ላቁም። ያ መንገድ ልጆቻችንን እንደበላ አውቃለሁ። ፎቶግራፋቸው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከእነሱ አንዱን አዝዬዋለሁ፣ ጥርሱ ሲበቅል አይቻለሁ። ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ ስለሚገባኝ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ፤ ብርድ ልብሱንም አጥቤ፣ አጥፌ መልሻለሁ። ዝምታዬን ያቆምሁት አሁን በያዛችሁት ነገር ነው።

የጸሃይቱ ጉልበት አልቋል። ኖርድኤንድ ያሉት ሐኪሟ፣ አሁን በፋሻና በዱላ ዳገት መውጣት እንደምትችል፣ በጋው ሲያልፍ ግን መገጣጠሚያዋ በቀዶ ጥገና ካልተለወጠ እንደማይሆን፣ ከተለወጠም በኋላ እንዲያ ያለ ደረጃ እንደማይፈቅዱላት ነግረዋታል። ባለፈው መስከረም ደህና ትራመድ ነበር። ያንን መስከረም በብርቱካን ወሰዳችሁባት። በዚህ ግንቦት አብረን ልንሄድ ማሰባችንን ስትሰሙ ደግሞ፣ የፊታችን እሑድ ልጇን ይዛችሁ ለሁለተኛ ምክር ቤቷ ልትሄዱ ቴርሚን (ቀጠሮ) እንደያዛችሁ ሰማሁ። አረጋሽ አንዴ ከሽፎባታል፣ ሌላ ሰው ይዛ እንዳትጠፋ ተብሏል አሉ።

ድካማችሁን ለመቀነስ የሆነውን ልንገራችሁ። ጸሃይቱ ባለፈው ሳምንት ልጇ ቤት ሄደች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጠችና ፓስፖርቴን አለችው። ዘርኣብሩክ እንደ ልማዱ በጀርመንኛ ብዙ ነገር ዘረዘረላት፤ የኮሚቴውን ስም፣ የጉልበቷን ነገር፣ የፎቶግራፉን ነገር። ጨርሶ ሲበቃው እንዲህ አለችው፣ እኔም አብሬያት ስለነበርሁ ቃል በቃል አቀርበዋለሁ፦

«ስሞት ሬሳዬን አስመራ ድረስ የሚወስድ ማኅበር አለኝ። ሳልሞት አንድ ተራራ የሚያደርሰኝ ሰው ግን አረጋሽ ብቻ ናት። ፓስፖርቴን አምጣ፣ ልጄ።»

አመጣላት። አምጥቶም አልሄደም፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የጉልበት ፋሻ ስንት መያዝ እንዳለባት ጠየቃት፣ ከኃይል ማመንጫው በእግር ከምንሄድ ይልቅ ባቡሩን በሱ ወጪ እንድንይዝ ለመነን። ኬክ እየበላን እጃችንን ልናውለበልብ ነው። ስለዚህ እሑድ ከነብርቱካናችሁ ብትመጡ በሩን የሚከፍትላችሁ የለም። ይህን በምታነቡበት ሰዓት እኛ አየር ላይ ነን፤ ልጇ ራሱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አድርሶናል፤ ለኮሚቴውም አላሳወቅንም። ውሳኔውን ስለመጣሳችን የምትወስዱትን እርምጃ ስንመለስ በአክብሮት እንቀበላለን።

የማኅበራችን ትጋት፣ ጥርጣሬና ብረት ድስት ለዘመናት እንዲጸና እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት፣ ከሕገ ወጥ ጉዞ ያልታረመች፣ ፊቷ ገና ፀሐይ ያልጠገበ፣ ለማንም ምንም ሳትይዝ የሄደች እህታችሁ፤

አረጋሽ ወንድይራድ
ፍራንክፈርት አም ማይን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በመንገድ ላይ ሞት ቢያጋጥመን ስለሚደረገው ነገር ኮሚቴው መጨነቁ ስለማይቀር ተነጋግረንበታል። እኔ እዚያው ተራራ ሥር ብቀበር ግድ የለኝም። ጸሃይቱ ግን አስመራ ትላለች፤ በዚህ ተጣልተን ገና አልታረቅንም፣ የእሷ ቃል በእሷ እንደተጠበቀ ይመዝገብልኝ። እስከዚያው ድረስ ሁለታችንም በሕይወት ስላለን ጉዳዩ ማኅበሩን አይመለከትም።